አምስት መቶ ሰዓት

ሚያዝያ 20 ቀን 2017፣ ሰኞ፣ ወልቂጤ

ሁለተኛው ቺፕም ሄደ። ስልሳ አንድ ሰዓት ቆየ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት ብልጭታ ታየች፣ አለቀ። ጋሽ ብርሃኑ "ነፍስ ይማር" አለና ሻዩን ጠጣ። ልስቅለት ፈልጌ ነበር፣ አልመጣልኝም።

ይህን ደብተር የሰጠኝ እሱ ነው። የቤተ ሙከራው መዝገብ የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ነው፤ አንቺ ደግሞ ቁጥር ብቻ አይደለሽም፣ እዚህ ላይ ተንፍሺ አለኝ። ጋሽ ብርሃኑ ቴክኒሻናችን ነው። ከፍሪጅ ጥገና ተነስቶ እዚህ የደረሰ፣ ቫኪዩም ፓምፕን እንደ በሬ እየደባበሰ የሚያሠራ፣ እሑድ እሑድ ቸርች ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ነው። ከሱ ሌላ በሳምንት የማናግረው ሰው ቢኖር የዳቦ ቤቱ ልጅ ነው።

እንግዲህ ልተንፍስ። ሩፋይዳ ሸምሶ። ሠላሳ አራት ዓመት። የዩኒቨርሲቲ መምህርት። ያላገባች። ይኸው እንደ ፎርም ሞላሁት፤ አይ ሩፋይዳ!

አባባ ባለፈው ዒድ ይህ ሥራሽ ምንድነው ብሎኝ ነበር። የራጅ መሣሪያ ውስጥ እንደ ከሰል የሚግል ክር አለ፣ ኤሌክትሮኑን የሚያስወጣው ያ ሙቀት ነው አልኩት። እኔ ክሩን ትቼ ጥፍር በምታህል ቺፕ ላይ ዓይን የማያያቸው አሥር ሺህ መርፌዎች አቆማለሁ። አየር በሌለበት ቦታ ቮልቴጅ ሲያገኙ፣ ሳይግሉ፣ ከጫፋቸው ኤሌክትሮን ይወጣል። መሣሪያው ያንሳል፣ በባትሪ ይሠራል፣ በሞተር ሳይክል ተጭኖ ጉንችሬ ገጠር ድረስ ይገባል። ታዲያ ምን ቸገረሽ አለኝ። የቸገረኝ የመርፌዎቹ እኩል አለመሆን ነው አልኩት። ከጓደኞቿ ትንሽ የረዘመች መርፌ ሥራውን ሁሉ ትሸከማለች፤ ከረንቱ በሷ ላይ ይበዛል፣ ትግላለች፣ ትቀልጣለች፤ ስትፈነዳም ጎረቤቶቿን ይዛ ትሄዳለች።

እህቴ ዘይባ ጎናችን ቁጭ ብላ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። "ታዲያ ሌሎቹ ለምን አያግዟትም?" አለች። አባባና እኔ ሳቅንባት።

አንድ ቺፕ ብቻ ቀርቶኛል። ሰኔ ላይ አምስት መቶ ሰዓት የሠራ ቺፕ ካላሳየሁ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፣ ክፍሉም ለሌላ ይሰጣል። አራት ዓመቴ ውሃ በላው ማለት ነው።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ቤት ደወልኩ። የአባባን ስልክ እንደተለመደው ዘይባ አነሳች። አምና ስትሮክ ግራ ጎኑን ከመታው ወዲህ ስልኩም እሱም በሷ እጅ ናቸው። አባባ እንዴት ነው አልኩ። ደህና ነው፣ ትናንት ያለ ምርኩዝ እስከ በር ሄደ አለች። መድኃኒቱን ዋጠ? ዋጠ። ግፊቱ ተለካ? ተለካ። እሰይ አልኩ።

ስታወራ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ኔትወርኩ ነው ስላት፣ አይ፣ ውሃ ቀድቼ መግባቴ ነው አለች። ቀጥላ አንድ ነገር ላስቸግርሽ አለችኝ፤ ወልቂጤ ገበያ ሰፋ ያለ ነጠላ ጫማ ግዢልኝ፣ ያለኝ ሁሉ ጠበበኝ፣ አርባ ቁጥር ይሁን። ዘይባ የምታደርገው ሠላሳ ሰባት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመትሽ እግርሽ ማደግ ጀመረ እንዴ ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀች፤ ሳቋን ግን አልጨረሰችውም። ፓምፑ ድምፅ ቀየረብኝና ቻው ሳልላት ዘጋሁት።

መልሼ ልደውልላት ይገባ ነበር። ነገ።

ሚያዝያ 29፣ ረቡዕ

ጫማውን ገዛሁ፣ ለከድሮ ሰጠሁት። ከድሮ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ከቡታጅራ ወልቂጤ ሚኒባስ ይነዳል። በየአሥራ አምስት ቀኑ የዘይባን ጥቅል የሚያመጣልኝም እሱ ነው፦ ቆጮ፣ አይብ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ። የዛሬው ጥቅል ቀለል ይላል። ቅቤ የለበትም። ተወዶ ይሆናል።

ነገ ብዬ ነበር፤ አልደወልኩም።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ። የመጀመሪያው ቺፕ ላይ መርፌዎቹ ምንም መግቻ አልነበራቸውም፤ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። ሁለተኛው ለሁሉም አንድ የጋራ ሬዚስተር፣ ከረንት መግቻ፣ ነበረው፤ ስልሳ አንድ። ሦስተኛው የኔ ነው። ከእያንዳንዷ መርፌ ሥር የየራሷ ሬዚስተር አለ። አንዷ አብዝታ ልሳብ ስትል በዚያው መጠን ቮልቴጇ ይቀንስባታል፣ ደግ ልጓም ነው። ሥሌቱን አራት ጊዜ ፈተሽኩት። ውጭ አገር ያሉት ፕሮፌሰሬ ቺፑን በላቦራቶሪያቸው አሠርተው ሲልኩልኝ፣ ሌላ አልልክልሽም፣ ይቺን እንደ ዓይንሽ ጠብቂ ብለው ጽፈውልኛል።

ዛሬ ከሰው ጋር የተናገርኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ስድስት ናቸው። ሦስቱ ዳቦ ቤት።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ጀመርን! ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ጋሽ ብርሃኑ "በኢየሱስ ስም" አለ፣ እኔ "ቢስሚላህ" አልኩ፣ ቁልፉን አብረን ተጫንነው።

ቆጥሬው ነበር። አምስት መቶ ሰዓት የሚሞላው ግንቦት 29፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አረፋ። ሰው ሁሉ ሶላት በሚሰግድበት ሰዓት። አይ የኔ ነገር፣ አንድ ቀን ቀደም ብዬ ብጀምር ምን ነበረበት?

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

120 ሰዓት። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ባትሪው ያዘልን። ከረንቱ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ቤተ ሙከራ ነው የማድረው። አከራዬ ልጅቷ ባል አገባች እንዴ ብላ ጋሽ ብርሃኑን ጠይቃዋለች። ፓምፕ አገባች አላት።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ዛሬ ስልኩን ያነሳችው አክስቴ ፈትሂያ ናት። ከጀርባዋ ብዙ ድምፅ ይሰማል፣ የሴቶች፣ የሚንኳኳ የብረት ነገርም። እንግዳ በዝቶባቸዋል መሰለኝ፤ አረፋ ሲቃረብ ቤታችን እንዲህ ነው። አባባ እንዴት ነው አልኩ። ደህና ነው። መድኃኒቱ? ይውጣል። ሁላችሁም ደህና? ሁላችንም ደህና ነን፣ አንቺ ብቻ በርቺ።

አክስቴ "በርቺ" ብላኝ አታውቅም። እሷ የምታውቀው "አግቢ" ነው።

ቀጥዬ መናኸሪያ ሄድኩ፣ የጥቅሉ ቀን ስላለፈ። ከድሮ ባዶ እጁን ነው። አልሰጡኝም አለኝ፤ መሪውን በጨርቅ እየወለወለ፣ ቀና ሳይል። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ሁለት የሠፈራችን ሴቶች ነበሩ። አንዷ "ይቺ ናት እህቷ?" ስትል ሌላዋ በክርኗ ጎሸመቻት። ሰምቻለሁ። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ሞልቶ ያላገባችው፣ ከብረት ጋር የምታድረው፣ ይቺ ናት ወይ ማለቷ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ጆሮ ግን ዘመድ ነው፣ ሁሉን ያመጣልኛል። ማታ ተናድጄ እራት አልበላሁም። የምበላውም አልነበረም።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

336 ሰዓት። መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው። ለፕሮፌሰሩ ግራፉን ላክሁ፤ እጅግ ያማረ ነው አሉኝ።

ለአረፋ እንደማልመጣ ዛሬ ነገርኳቸው። ሦስት ቀን ሙሉ የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ። አባባ እንዳይከፋው እንዲህ እለዋለሁ፣ አክስቴ ስትቆጣ እንዲያ እላታለሁ ብዬ። ከኛ ሰው ለአረፋ የማይመጣ የለም፤ አዲስ አበባም ሐዋሳም ያለው ሱቁን ዘግቶ ይገባል። አምና አንድ ቀን በመዘግየቴ ሦስት ሽማግሌ ደውለውብኝ ነበር።

አክስቴ ግን "ይሁን፣ ሥራሽን ጨርሺ" አለች። ይኸው ነው። አባባን አገናኘችኝ። አባባ ስሜን ጠራ፣ "አላህ ይርዳሽ" አለኝና ስልኩን መለሰላት። ድምፁ ደክሟል፤ ታሞ ይሆን? ልቤ እሱ ላይ ተሰቀለ። አክስቴን ደግሜ ጠየቅኋት፣ አባትሽ ወላሂ ደህና ነው አለች።

ነፃ ያወጡኝ መስሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ከፋኝ። ኑ የሚሉት የሚፈለግን ሰው ነው። የለመዱት መቅረቴን ነው ማለት ነው።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

408። ዝናብ። ጄኔሬተሩ አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ፣ ጋሽ ብርሃኑ አስነሳው። ከእህትሽ የሚመጣው ጥቅል ቀረ እኮ አለኝ፣ ያንን አይብ ለምዶታል። መንገዱ ጭቃ ነው አልኩት። ከድሮ በየቀኑ ይመላለሳል አለኝ። ሰው ስለ ሆዱ ሲያወራ መልስ አይሰጠውም።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ዛሬ የሴቶች አረፋ ነው። የወንዶቹ ነገ በሬው ሲታረድ ነው፤ የዛሬው የኛ ነው። ሴቶች ጎመኑን ከትፈው፣ አይቡን በቅቤ አሽተው፣ እግራቸውን ዘርግተው የሚበሉበት፣ ወንድ ቢራብም ዛሬ ቀንህ አይደለም የሚባልበት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችን ይህን ቀን የያዘችው ዘይባ ናት። ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች። ለሁለታችን ትምህርት የሚሆን አልነበረም፣ አንዷ ቤት መዋል ነበረባት፣ እሷ ዋለች። ማንም ቁጭ አድርጎ የወሰነው ነገር አይደለም። እንዲያው እንደዚያ ሆነ።

እኔ ዛሬ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ጎመን በዳቦ በላሁ። ጎመኑን ራሴ ነው የሠራሁት፣ አርሯል። ለዘይባ ለራሷ አልደወልኩላትም፤ ዛሬ እጇ ሥራ ላይ ነው፣ አታነሳም።

በጣም ብቻዬን ነኝ። ይህን ጽፌው አላውቅም። ጽፌዋለሁ።

ግንቦት 29፣ ዓርብ፣ አረፋ

ጠዋት። 500! ሁለት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ። ከረንቱ ከመጀመሪያው ሰዓት የተለየው በመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ከመስጊዱ ተክቢራው ይሰማኛል። ለፕሮፌሰሩ ላክሁ። በአሥር ደቂቃ መለሱ፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ጽሑፉን ጀምሪ አሉ። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ዘለልኩ፤ ማንም አላየኝ። ተሳካ፣ ተሳካ፣ ተሳካ።

ከሰዓት በኋላ። ጋሽ ብርሃኑ ባለቤቱ የሠራችውን ዓሣ ይዞልኝ መጣ፤ በበዓልሽ ብቻሽን አትበይም አለ። አንጀቴን በላው። ከበላን በኋላ "እስቲ መስታወቱን እንየው" አለ። ከቺፑ ፊት ለፊት ፎስፈር የተቀባ መስታወት አለ፤ ኤሌክትሮን ያረፈበት ሁሉ አረንጓዴ ያበራል። የምናየው በጨለማ ስለሆነ፣ እኔም ቁጥሩ ስላማረልኝ፣ ከጀመርን ከሦስተኛው ቀን ወዲህ አላየሁትም።

መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፈንን፣ መብራት አጠፋን።

አሥር ሺህ መርፌ ያለበት ሜዳ ጨልሟል። አንድ ጥግ ብቻ ዓይን እስኪያጠፋ ያበራል። አንድ ጥግ ሁሉን ተሸክሞ።

ጋሽ ብርሃኑ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረደ። "ጠቅላላው ከረንት እኮ ትክክል ነበር" አለ። እኔን ለማጽናናት።

ሰኔ 1፣ እሑድ

አገኘሁት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መቆጣጠሪያውን ጠቅላላ ከረንቱ እንዳይወርድ ጠብቅ ብዬ ያዘዝኩት በገዛ እጄ ነው። መርፌዎች በሞቱ ቁጥር ቮልቴጁን ከፍ እያደረገ የሟቾቹን ሥራ በቀሩት ላይ ይጭን ነበር። ጥሩ አገልጋይ፣ ያዘዝኩትን ፈጸመ። የቮልቴጁ ዓምድ መዝገቡ ላይ አለ፤ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይወጣል። በራሴ እጅ የጻፍኩት ቁጥር ነው። እየጻፍኩ አላየሁትም። ዓይኔ ያለው መስመሩ ላይ ነበር።

ለፕሮፌሰሩ አልነገርኩም። አምስት መቶ ሰዓት ውሸት አይደለም፣ ሠርቷል። መስታወቱን እሳቸው አይጠይቁም፤ ጋሽ ብርሃኑ አይናገርም። ያየነው ሁለታችን ብቻ ነን።

ምን ይዋጠኝ?

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ጻፍኩላቸው። ፎቶውንም ላክሁ። ሦስት ሌሊት ሳልተኛ ነው። ጠዋት ተነስቼ ጋሽ ብርሃኑን በመንገድ ሳየው፣ ይህን ሰው በየቀኑ እያየሁ መኖር አልችልም አልኩ። ጀግንነት አይደለም፣ አንድ ሰው ስላለኝ ነው።

ማታ መልስ መጣ። አልተቆጡም። የፕሮጀክቱን መዘጋት ለማዘግየት እሞክራለሁ፣ ቃል ግን አልገባም አሉ። ሜዳውን አሥራ ስድስት ቦታ ከፋፍለሽ እያንዳንዱን ለብቻው ለኪ፣ መቼና የትኛው ቀድሞ እንደሞተ እንወቅ አሉ። ጠቅላላ ቁጥር ማንንም አይጠይቅም፣ አንቺ ጠይቂ ብለዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጠፍኩት።

ደስ ብሎኝ ቤት ደወልኩ። ሁላችሁም ደህና? አልኩ። ሁላችንም ደህና ነን፣ አለች አክስቴ። ዛሬ ጉንፋን ይዟታል፣ አፍንጫዋ ተዘግቷል። ለአባባ እንዳታስተላልፊበት አልኳት።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

አሥራ ስድስቱን ለካሁ። አሥራ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሞተዋል። ሦስቱ ይተነፍሳሉ። ሁለቱ ሁሉን ይዘዋል፣ እነሱም ዳር ላይ ናቸው። ቀድሞ የሞተው የትኛው እንደሆነ ከመዝገቡ ጋር እያስተያየሁ ልደርስበት ነው። የሚቀጥለው ንድፍ ይታየኛል። ጠቅላላውን የሚጠብቅ አንድ መቆጣጠሪያ መሆኑ ቀርቶ ለየክፍሉ የራሱ ጠባቂ ይኖረዋል። አንዱ ሲደክም ይናገራል፣ ሥራው በሌላው ላይ ሳይጫን።

ከወራት ወዲህ እንዲህ በደስታ ሠርቼ አላውቅም። የምነግረው ሰው ፈልጌ ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩ። ማን ይገባዋል?

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። ከድሮ ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆሟል፣ በባዶ ሚኒባስ። አባትሽ ትንሽ ደክሟል፣ ደርሰሽ እይው ብለዋል አለ። ትንሽ አለ። ደግሜ የምለካቸው ሁለት ክፍሎች ቀርተውኛል፤ ለጋሽ ብርሃኑ አስረድቼ እወጣለሁ። ከድሮን ጠብቀኝ አልኩት።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ፣ ቡታጅራ

ይህን የምጽፈው ከቤታችን ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ነው። ሰው አሁን ቀለል ብሏል።

ያን ጠዋት ከድሮን አንድ ሰዓት ከሩብ አስጠበቅሁት። እሱ መኪናው ውስጥ ሆኖ አንዴም ጥሩምባ አልነፋም። ከድሮ ለተሳፋሪ ሦስት ደቂቃ የማይታገስ ሰው ነው። ጋሽ ብርሃኑ አየውና የሥራ ካፖርቱን አውልቆ፣ አብሬሽ ልሂድ አለኝ። ለምን አልኩት። እንዲያው አለኝ። ያኔ አወቅሁ። እኛ አገር ሰው በትንሽ ሕመም አይሸኝም። አባባ ሞቷል፤ መርዶው ቤት ደርሼ፣ ሰው ደግፎኝ እንዲነገረኝ ነው ይህ ሁሉ ብዬ ደመደምኩ። አላስለፈለፍኳቸውም። የሚዋሽልኝን ሰው ማዋረድ አልፈለግሁም።

ከወልቂጤ እስከ አገና አለቀስኩ። ከአገና ወዲያ ጭጋግ ነበር፣ ከድሮ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ እኔም ዝም አልኩ። በልቤ ቀበርኩት። አባባ ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ስትሮክ ነበረበት፣ የአላህ ውሳኔ ነው እያልኩ ራሴን አዘጋጀሁ። ዘይባ ምን ይውጣታል የሚለው አንዴ መጣብኝ። ብቻዋን ቤት ቀረች፣ ወልቂጤ አመጣታለሁ፣ ከኔ ጋር ትኖራለች ብዬ ወሰንኩ። ይህን ስወስን ትንሽ ቀለለኝ።

ድንኳኑ ከመንገድ ይታያል። ወረድኩ። ሰው ተነሳልኝ። ከሴቶቹ ወገን ልገባ ስል በወንዶቹ ወገን ምንጣፉ ላይ፣ ትራስ ተደግፎ፣ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አባባ ተቀምጧል።

በሕይወት።

ደስ አለኝ። መጻፍ ያለብኝ ይህንን ነው፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር። አልሐምዱሊላህ ብዬ ጮህኩ፣ ሳቅሁ፣ በሰው መሃል ሮጬ ከእግሩ ሥር ወደቅሁ፣ እጁን ሳምኩት፣ ፊቱን ዳበስኩት። ሞቷል ብዬ ነበር እኮ እያልኩ፣ እየሳቅሁ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። የሚያለቅስም የለም፤ ደንግጠዋል።

አባባ በደህናው እጁ ራሴን ያዘኝ። "ልጄ፣ የኔ አይደለም" አለ።

ድንኳኑን ዞሬ አየሁ። ማን እንደጎደለ ለማወቅ ሁሉንም ፊት አንድ በአንድ አየሁ። እስከዚያ ድረስ አልገባኝም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ውሃ የሚያመጣ፣ ለእንግዳ የሚያነጥፍ፣ አባባን ደግፎ የሚያስቀምጥ፣ ያ ሁሉ በሌሎች ሴቶች እጅ ነበር። ያኔ ነው ስሟን የጠራሁት።

ልቧ ነው። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ሲያማት የከረመው ወደ ልቧ ወርዶ፣ ዓመታት ቆይቶ። እግሯ ያበጠው፣ ትንፋሿ የሚቆራረጠው ከዚያ ነው። ግንቦት አጋማሽ ላይ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ወደቀች፤ እዚሁ ሆስፒታል ተኛች፣ ሃያ አምስት ቀን። ሰኔ 10 ከሱብሂ በፊት አረፈች። ጀናዛ አይቆይም፤ እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቀውኝ ነበር። እኔ አገና ጭጋግ ውስጥ ሳለሁ ዙህር ተሰግዶ ተቀበረች። ያስጠበቅሁት አንድ ሰዓት ከሩብ ቢኖረኝ እደርስ ነበር። ከድሮ አይደለም ይላል፣ መንገዱ ነው ይላል። ደግ ልጅ ነው።

ሰባት ቀን ሰው ሞልቶ ነበር። እንሴኖ ድረስ ያለ ዘመድ መጣ። ስለ ዘይባ የማላውቀውን ሁሉ ሰማሁ። የጎረቤት ልጆችን ቁርዓን ታስቀራ እንደነበር፣ ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ተጠይቃ አባቴን ማን ይይዛል እንዳለች። ሴቶቹ እህቷ አይደለሽ እያሉ እኔ የማውቅ ይመስል ያስታውሱኝ ነበር። አዎ፣ አዎ እላለሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አክስቴ ፈትሂያ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ስለ ስልኩ፣ ስለ አባባ ብቻ እየጠየቅሁ መዝጋቴን ተናዘዝኩላት፤ ለምን ደበቃችሁኝ ብዬ ልቆጣ ጀምሬ መጨረስ ስላቃተኝ። የደበቅነው እኛ አይደለንም አለች። ዘይባ ናት፣ ሥራዋን አታቋርጡባት፣ ስለኔ ሳትጠይቅ አትንገሯት፣ ከጠየቀች ግን አትዋሿት ብላ ያዘዘችው። የአባትሽን ስልክ እኔ አልጋዋ ድረስ ይዤላት እሄድ ነበር፣ የምታነጋግሪኝ ከራስጌዋ ሆኜ ነው አለችኝ።

"ስልኩን በዘጋሁ ቁጥር ጠየቀችኝ? ትለኛለች" አለች።

"ምን አልሻት?"

"አዎ አልኳት። ሁልጊዜ። ዘይባስ አለች፣ ናፍቃኛለች አለች እላት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላስቀረሁባትም፤ በዚህ አይክፋሽ።"

ይህን ያለችኝ ልታጽናናኝ ነው። እጄን ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ የአባትሽ መድኃኒት ሰዓት ደርሷል ብላ ተነሳች። የቱ ጠዋት፣ የቱ ማታ እንደሚዋጥ አላውቅም ነበር። ተከትያት ገባሁና አንድ በአንድ አሳየችኝ።